የዓይነ ስውራን መንገድና የመሪ መሣሪያ ዋጋ

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ማታ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ስለ መንገድ ነው። መንገድ ስል ስለ አስፋልቱና ስለ ድልድዩ ማለቴ አይደለም፤ ብርሃነ ዓይኑን ያጣ ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ሥራው፣ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ወደ ገበያውና ወደ ዘመዱ ቤት፣ ማንም እጁን ሳይዘው፣ በፈለገው ሰዓት የሚደርስበትን መንገድ ማለቴ ነው። ለዚህ ጉዞ የሚረዱ መሣሪያዎች ባለፉት 100 ዓመታት ገደማ ውስጥ አንድ በአንድ ተፈልስፈዋል። በትር አለ፤ የሠለጠነ ውሻ አለ፤ በድምፅ ሞገድ ዕንቅፋትን የሚለይ መሣሪያ አለ፤ ከሰማይ የሳተላይት ምልክት ተቀብሎ «አሁን ያሉት በዚህ ቦታ ነው» ብሎ የሚናገር ስልክም አለ። እንግዲህ ብልሃቱ ተገኝቷል ማለት ነው። ገና ያልተገኘው ዋጋውን የሚችል ኪስ ነው። ስለዚህ ንግግሬ ስለ መሣሪያዎቹ ድንቅነት ሳይሆን፣ ይልቁንም ስለ ዋጋቸውና ዋጋውንም ማን መክፈል እንደሚገባው ይሆናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በ2020 በተደረገው ግምት መሠረት በዓለም ላይ ፈጽሞ ማየት የተሳናቸው ሰዎች ቁጥር 43 ሚሊዮን ያህል ነው። ከእነዚህም የሚበዙት የሚኖሩት ሀብት ባልተትረፈረፈባቸው አገሮች ነው። በአገራችንም በ2005 እና በ2006 የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከ100 ሰው መካከል 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር፣ 3.7 ያህሉ ደግሞ እይታው የደከመ መሆኑን አመልክቷል። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በ2022 በአንድነት ባወጡት መግለጫ፣ በአንዳንድ ድኻ አገሮች የድጋፍ መሣሪያ ከሚያስፈልጋቸው 100 ሰዎች መካከል የሚያገኙት 3 ያህል ብቻ መሆናቸውን አስረድተዋል። ይህ አኃዝ የሚናገረው ስለ ዓይነ ስውራን ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን ብልሃቱና ባለ ጉዳዩ ምን ያህል ተራርቀው እንደሚኖሩ ያሳያል።

«መሣሪያው ከሌለ ምን ቸገረ? ሰው ይመራቸው የለምን?» የሚል አይጠፋም። በእርግጥ በአገራችን ልማድ ዓይነ ስውሩን የሚመራ ልጅ ይገኛል፤ የበትሩን ጫፍ ወይም እጁን ይዞ ከፊት ከፊት የሚሄደውን ሕፃን ያላየ ማን አለ? ነገር ግን ይህ መሪ በነጻ የተገኘ መስሎ ቢታይም ነጻ አይደለም። ልጁ በሚመራበት ሰዓት ትምህርት ቤት አይገኝም። ተመሪውም በበኩሉ ልጁ ሲታመም ይቀራል፣ ልጁ ሲደክመው ይቀመጣል፣ ልጁ አድጎ ሲሄድ ሌላ ልጅ ይፈልጋል። የሁለት ሰው ቀን ለአንድ ሰው ጉዞ ይውላል። ይህን ወጪ ማንም በመዝገብ ስለማይጽፈው የሌለ ይመስለናል እንጂ፣ ቢሰላ ከብዙ መሣሪያ ዋጋ ይበልጣል። እንግዲህ መሣሪያው ውድ ነው ብለን ስንተወው፣ ወጪውን ያዳንን መስሎን ወደ ሕፃኑ ደብተር ማዛወራችን ነው።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ ልለፍ። የዓይነ ስውር ጉዞ ሁለት ጥያቄዎች አሉት። የመጀመሪያው ጥያቄ «ቀጥሎ እግሬን የማሳርፍበት ስፍራ ደኅና ነውን?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እኔ አሁን የት ነኝ? የምሄድበትስ በየት በኩል ነው?» የሚል ነው። አንደኛው የቅርብ፣ ሁለተኛው የሩቅ ጥያቄ ነው። እስከ ዛሬ ከተሠሩት መሣሪያዎች አብዛኞቹ ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ መልስ የሚሰጡ ናቸው። ይህን ልዩነት ሳያስተውል መሣሪያ የሚገዛ ሰው ወይም መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ያባክናል፤ ስለዚህ በቅርቡ ጥያቄ ልጀምር።

ለቅርቡ ጥያቄ የመጀመሪያውና እስካሁንም ድረስ ዋነኛው መልስ ነጭ በትር ነው። በ1921 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ይኖር የነበረው ጄምስ ቢግስ የተባለ ፎቶ አንሺ በአደጋ ዓይኑን ካጣ በኋላ፣ ተሽከርካሪዎች አይተው እንዲጠነቀቁለት የሚመረኮዘውን በትር ነጭ ቀለም ቀባው። በ1931 በፓሪስ ጊዪ ዴርብሞን የተባለች እመቤት ነጭ በትር ለዓይነ ስውራን እንዲታደል አደረገች። ይሁን እንጂ በእነዚያ ዓመታት በትሩ ምልክት እንጂ መሪ አልነበረም። መሪ ያደረገው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ በቫሊ ፎርጅ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮችን ያሠለጥን የነበረው ሪቻርድ ሁቨር ነው። ሁቨር በትሩን አስረዘመው፤ ክብደቱን ቀነሰው፤ አያያዙንም ለወጠው። ተጓዡ በትሩን ከፊቱ እንደ ግማሽ ክብ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያወዛወዘ ይሄዳል፤ ቀኝ እግሩ ሲራመድ ጫፉ በግራ በኩል መሬት ይነካል፤ ግራው ሲራመድ በቀኝ በኩል ይነካል። በዚህም ምክንያት የሚቀጥለው እግር የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ የተፈተሸ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድታስተውሉልኝ እለምናለሁ። የሁቨር ግኝት ዕቃ አይደለም፤ ትምህርት ነው። በትሩ ራሱ ርካሽ ነው፤ ከአሉሚኒየም ወይም ከፋይበር የሚሠራ፣ በአብዛኛው ገበያ በጥቂት አሥር ዶላር የሚገኝ ነገር ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የዓይነ ስውራን ፌዴሬሽን በዚያ አገር ለሚኖሩ ዓይነ ስውራን ነጭ በትር በነጻ የሚያድልበት ፕሮግራም አለው። ብዙ የሚያስወጣው ግን ሥልጠናው ነው። መንገድ ማቋረጥን፣ የትራፊክን ድምፅ ማዳመጥን፣ ደረጃ መውጣትን፣ አቅጣጫ ሳይስቱ አደባባይ ማለፍን የሚያስተምር ባለሙያ ያስፈልጋል። አሜሪካኖች ይህን ሙያ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ማስተማር የጀመሩት በ1960 በቦስተን ኮሌጅ ነው። በትር ያለ ትምህርት መስጠት፣ ፊደል ላልቆጠረ ሰው መጽሐፍ እንደ መስጠት ነው። ስለዚህ በትር እናድላለን የሚል ድርጅት ሁሉ የአሠልጣኙን ደመወዝ ከበትሩ ዋጋ ጋር አብሮ መቁጠር ይገባዋል።

ነጭ በትር ግን ጉድለት አለበት። መሬት መሬቱን እንጂ ከወገብ በላይ ያለውን አያውቅም። የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ፣ ወደ ውጭ የተከፈተ መስኮት፣ ከጭነት መኪና የወጣ ብረት በትሩ ሳይነካው ፊትን ይመታል። ይህን ለማስቀረት ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል። ሌስሊ ኬይ የተባለ መሐንዲስ የሌሊት ወፍ በጨለማ የምትበርርበትን ዘዴ በመከተል፣ ለጆሮ የማይሰማ ድምፅ ወደ ፊት ልኮ፣ ተመልሶ የመጣውን ወደሚሰማ ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ ሠራ። በኋላም ይህንኑ በመነጽር ላይ አደረገው። ሌሎችም በሌዘር ብርሃን የሚሠራ በትር አወጡ። መሣሪያዎቹ በእርግጥ ይሠሩ ነበር፤ ነገር ግን ከእነዚህ የተራቀቁት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይጠየቅባቸው ስለ ነበር በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ቀሩ።

ስለ ምን ይህን ያህል ተወደዱ? ምክንያቱን በቅርብ በምናውቀው በማተሚያ ቤት ሥራ መረዳት ይቻላል። አንድ መጽሐፍ ለማተም ፊደሉን መልቀም፣ ስሕተቱን ማረም፣ ገጹን ማሰናዳት 100 ቅጂ ቢታተም ወይም 100,000 ቅጂ ቢታተም ድካሙ አንድ ነው። ቅጂው ሲያንስ ያ ሁሉ ድካም በጥቂት ገዢዎች ላይ ይከፈላል፤ ሲበዛ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል። የዓይነ ስውራን መሣሪያም እንዲሁ ነው። ምርምሩ፣ ንድፉ፣ ፈተናው ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ገዢው ግን ጥቂት ነው፤ ከጥቂቶቹም የሚበዙት የሚከፍሉት የላቸውም። ደግሞም በሀብታም አገሮች ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚከፍለው ተጠቃሚው ሳይሆን መንግሥት ወይም የመድን ድርጅት ስለ ሆነ፣ ሻጩ ዋጋውን የሚያወጣው የእነርሱን ካዝና እየተመለከተ ነው። ካዝና የሌለው አገር ዓይነ ስውር በዚያ ዋጋ ፊት ቆሞ ይቀራል።

ይህን ችግር ለማቃለል ዓለም እስካሁን ሦስት መንገድ ሞክሯል። እያንዳንዱን በየተራ ላስረዳ።

የመጀመሪያው መንገድ መሣሪያውን ራሱን ከመነሻው በርካሽ እንዲሠራ አድርጎ መንደፍ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን ሕንድ ናት። በዴልሂ የሚገኘው የሕንድ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሊቃውንትና ተማሪዎች ከዓይነ ስውራን ድርጅትና ከፋብሪካ ጋር ተባብረው ስማርትኬን የተባለ መሣሪያ ሠርተው በ2014 ለሕዝብ አቀረቡ። ብልሃታቸው ይህ ነው፤ ተራውን ነጭ በትር አልሻሩትም፤ በእጀታው ላይ የሚገጠምና የሚነቀል ክፍል ብቻ ጨመሩበት። ይህ ክፍል ለጆሮ በማይሰማ የድምፅ ሞገድ እስከ 3 ሜትር ርቀት ድረስ ከጉልበት በላይ ያለውን ዕንቅፋት ይለይና በእጀታው ላይ በሚሰማ ንዝረት ያስጠነቅቃል። ዋጋው ሲወጣ 3,000 የሕንድ ሩፒ፣ በጊዜው ምንዛሪ 50 ዶላር ያህል ነበር። በ2019 በቱርክ አገር የወጣው ዊዎክ የተባለው ብልኅ በትር ደግሞ ከስልክ ጋር የሚነጋገርና ብዙ ተጨማሪ ሥራ የሚሠራ ሲሆን፣ ዋጋው 500 ዶላር ገደማ ነበር። ሁለቱም ጥሩ ሥራዎች ናቸው፤ ነገር ግን በ50 እና በ500 መካከል ያለው ልዩነት ለአንዱ ተማሪ በትር መኖርና አለመኖር ነው። የዴልሂዎቹ ርካሽነት የመጣው ከጥራት ጉድለት ሳይሆን «የግድ የሚያስፈልገው የትኛው ነው?» ብለው ከመጠየቃቸውና የምርምሩን ወጪ ከገዢው ላይ ሳይሆን ከእርዳታና ከሕዝብ ገንዘብ ከመሸፈናቸው ነው።

ሁለተኛው መንገድ መሣሪያውን ለብቻው መሥራት ትቶ ሁሉ ሰው በሚይዘው ዕቃ ውስጥ መጨመር ነው። ይህም ወደ ሩቁ ጥያቄ፣ «እኔ የት ነኝ?» ወደሚለው ያደርሰናል። በ1980ዎቹ ዓመታት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ባርባራ ሬጂናልድ ጎለጅ የተባለ የመልክዐ ምድር ሊቅ ነበር። በ1984 ዓይኑን አጣ። ዕድሜውን በሙሉ ሰው በመልክዐ ምድር ላይ እንዴት እንደሚጓዝ ያጠና ሊቅ ራሱ መንገድ ጠያቂ ሆነ። እርሱና ባልደረቦቹ ጃክ ሉሚስና ሮበርታ ክላትስኪ ሳተላይትን ለዓይነ ስውር መሪ ለማድረግ ተነሡ። የሠሩት የመጀመሪያው መሣሪያ በጀርባ የሚታዘል፣ ኮምፒዩተርና አንቴና የተሸከመ ዕቃ ነበር።

በዚያን ጊዜ የሳተላይቱ ምልክት ራሱ ለሲቪል ሕዝብ ሆን ተብሎ ይበላሽ ነበር። የአሜሪካ መከላከያ ጠላት እንዳይጠቀምበት በማሰብ ስሕተት ይጨምርበት ስለ ነበር፣ የሚያሳየው ቦታ ከእውነተኛው ቦታ እስከ 100 ሜትር ሊርቅ ይችል ነበር። በግንቦት ወር 2000 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ይህ ማበላሸት ተቋረጠ፤ ስሕተቱም ወደ 20 ሜትርና ከዚያም በታች ወረደ። ለመርከበኛና ለአውሮፕላን ነጂ ምቾት ተብሎ የተደረገ ትእዛዝ ይመስላል፤ ለዓይነ ስውር ግን «ከተማው ውስጥ ነህ» ከሚለው «በፖስታ ቤቱ አጠገብ ነህ» ወደሚለው መሸጋገር ነበር። ከዚህ በኋላ ትሬከርና ብሬይልኖት ጂፒኤስ የተባሉ፣ በእጅ የሚያዙ ተናጋሪ መሪዎች ለገበያ ቀረቡ። ነገር ግን እነርሱም ለብቻቸው የሚሠሩ ልዩ መሣሪያዎች ስለ ነበሩ ዋጋቸው ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር።

ዋጋውን የሰበረው የእጅ ስልክ ነው። በ2009 አፕል የተባለው ኩባንያ በአይፎን ስልኩ ውስጥ በመስታወቱ ላይ የተጻፈውን ሁሉ የሚያነብ ድምፅ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስገባ። በዚያው ዓመት በአንድሮይድ ስልኮችም ተመሳሳይ አንባቢ ገባ። ስልኩ ለሚሊዮኖች የተሠራ ስለ ሆነ፣ የሳተላይት ተቀባዩና ኮምፓሱ ለሁሉ የተገዛ ስለ ሆነ፣ ቀድሞ በሺህ ዶላር ይገዛ የነበረው ነገር ወደ አንድ ፕሮግራም ዋጋ ወረደ። በ2012 በፊንላንድ የተሠራው ብላይንድስኩዌር የተባለው ፕሮግራም 40 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎም ዓይነ ስውራን ፕሮግራም ሠሪዎች ለራሳቸው ወገን ሎድስቶን የተባለ ፕሮግራም ሠርተው ለኖኪያ ስልኮች በነጻ ሰጥተዋል። የማተሚያ ቤቱ ምሳሌ እዚህ ላይ ተፈጸመ፤ ቅጂው በዛ፤ ዋጋው ወረደ።

ይህ መንገድ ግን ሦስት ጉድለቶች አሉበት። አንደኛ፣ «ነጻ ነው» የሚባለው ፕሮግራም የሚሠራበት ስልክ ነጻ አይደለም፤ ባትሪው ኃይል ይፈልጋል፤ ካርታው ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ በጎዳና ላይ በእጅ የተያዘ ጥሩ ስልክም የሌባ ዓይን ይስባል። ሁለተኛ፣ ሳተላይቱ ጥቂት ሜትር መሳቱ አልቀረም፤ ጥቂት ሜትር ማለት የመንገዱ ወዲያ ማዶ ማለት ነው። ስልኩ ጉድጓዱን አያውቅም። ስለዚህ ስልክ የያዘ ዓይነ ስውር በትሩን ጥሎ መሄድ አይችልም፤ ስልኩ በበትሩ ላይ ይጨመራል እንጂ በትሩን አይተካም።

ሦስተኛውና ብዙ የማይነገርለት ጉድለት ደግሞ ይህ ነው፤ በስጦታ የመጣ ነገር በስጦታ ሰጪው ፈቃድ ይሄዳል። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ በ2018 ሳውንድስኬፕ የሚባል ድንቅ ፕሮግራም በነጻ አወጣ። ተጓዡ በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማው ድምፅ ከሚሄድበት ቦታ አቅጣጫ የሚመጣ መስሎ ስለሚሰማው፣ ፊቱን ወደ ድምፁ መልሶ ይሄዳል፤ «ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ» ብሎ የሚያዝዘው አያስፈልገውም። ብዙዎች ለመዱት፤ የዕለት ጉዟቸውን በእርሱ አደረጉ። በጥር ወር 2023 ኩባንያው ፕሮግራሙን ከመደብሩ አነሣው፤ በዚያው ዓመት አጋማሽም አገልግሎቱን አቆመ። መልካሙ ነገር ውስጣዊ አሠራሩን ለሕዝብ ክፍት አድርጎ መተዉ ነው፤ በጎ ፈቃደኞች ተረክበው በሌላ ስም እንዲቀጥል አድርገውታል። ካርታውም ከ2004 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች እጅ ከሚሠራው ኦፕንስትሪትማፕ ከሚባለው ክፍት ካርታ የተወሰደ ስለ ነበር ባለቤት አላጣም። አሠራሩም ካርታውም በአንድ ኩባንያ ቁልፍ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ግን ያ ሁሉ ተጓዥ በአንድ ሌሊት መሪውን ባጣ ነበር። እንግዲህ ርካሽነትን ስንመዝን «ዛሬ ስንት ነው?» ብለን ብቻ ሳይሆን «ነገስ ይኖራል ወይ?» ብለንም መጠየቅ ይገባናል።

ሦስተኛው መንገድ መሣሪያውን በተጓዡ እጅ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ማኖር ነው። በ1965 በጃፓን አገር በኦካያማ ከተማ ሴይኢቺ ሚያኬ የተባለ ሰው በእግርና በበትር የሚዳሰስ እብጠት ያለበት የመንገድ ንጣፍ ፈለሰፈ። በመጋቢት ወር 1967 በኦካያማ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ ባለው ጎዳና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጠፈ። በኋላም በጃፓን የባቡር ጣቢያዎችና ጎዳናዎች፣ ከዚያም በብዙ የዓለም ከተሞች ተስፋፋ። ቁም ነገሩ ቀላል ነው፤ ረዘም ረዘም ያለው መስመር «ሂድ» ይላል፤ ክብ ክቡ ነጠብጣብ «ቁም፣ ተጠንቀቅ» ይላል። ባትሪ የለውም፤ አይሰረቅም፤ ቋንቋ አይመርጥም፤ የሚጠቀምበትም ሰው አንድ ሳንቲም አይከፍልም። ዋጋው በከተማው ሕዝብ ሁሉ ላይ ስለ ተከፋፈለ ማንም ሳይሰማው ተከፍሏል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለም?

እዚህ ላይ «ታዲያ ሁሉም በነጻ ይሰጥ» የሚል ሐሳብ ቢነሣ፣ ስለ መሪ ውሾች ጥቂት ልናገር። በ1929 በአሜሪካ የተቋቋመው ሲኢንግ አይ የተባለው ትምህርት ቤት አንድን ውሻ አሠልጥኖ ከባለቤቱ ጋር ለማስማማት ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ውሻ ከሚወስደው ሰው የሚጠይቀው ግን 150 ዶላር ብቻ ነው፤ የቀረው በስጦታ ይሸፈናል። በነጻ መስጠት እየቻሉ ስለ ምን ይህን ጠየቁ? ተቀባዩ ምጽዋት እንደ ተቀበለ ሳይሆን የራሱን ድርሻ ከፍሎ እንደ ወሰደ እንዲሰማው ነው። አቅምን ያገናዘበ ዋጋ ማለት እንግዲህ የግድ ዜሮ ማለት አይደለም። ሰው ክብሩ ሳይነካ፣ የቤቱ እንጀራ ሳይጓደል ሊከፍለው የሚችለው ማለት ነው።

አድማጮቼ ሆይ፤ ይህ ጉዳይ የበጎ አድራጊዎች ብቻ መስሎ እንዳይታየን ስለ ሕጉም ላስታውስ። በ2006 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ተቀብሏል። የስምምነቱ 20ኛ አንቀጽ አገሮች የአካል ጉዳተኞችን የግል እንቅስቃሴ እንዲያመቻቹ ያዝዛል፤ ይህም ሰውየው በመረጠው አኳኋን፣ በመረጠው ጊዜና አቅሙ በሚፈቅደው ዋጋ እንዲሆን ይደነግጋል። እንግዲህ ዋጋው ራሱ በሕጉ ውስጥ ተጽፏል ማለት ነው። አገራችን ይህን ስምምነት በ2010 አጽድቃለች። ከዚያም በፊት በ2009 የወጣው የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ሆነው እንዲሠሩ አዝዟል። ሕጉ አለ፤ ሕጉን የሚያስፈጽመው ደግሞ በየጠረጴዛው የተቀመጠው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ስለዚህ በዚህ ሰዓት ራዲዮኑን ለምታዳምጡ ወንድሞቼና እኅቶቼ በየሥራ ድርሻችሁ ጥቂት ነጥቦችን ላቅርብ።

በግዢ ክፍል የምትሠሩ፣ መሣሪያ ሲገዛ የዕቃውን ዋጋ ብቻ አትመልከቱ። ጥገናው፣ መለዋወጫው፣ ባትሪው፣ ከሁሉም በላይ ሥልጠናው በጨረታው ሰነድ ውስጥ ይግባ። በአንድ ውድ መሣሪያ ዋጋ ስንት ነጭ በትርና የስንት ወር አሠልጣኝ ሊገኝ እንደሚችል አስሉ። ከመግዛታችሁም በፊት የሚጠቀሙበትን ዓይነ ስውራን ጠይቁ፤ ከፍተኛ ዋጋ ተከፍሎበት በመሳቢያ የሚቀመጥ መሣሪያ ከሁሉ የተወደደ ነውና።

በቀረጥና በታክስ ነገር የምትመክሩ፣ አንድ ቃል እንድታስተውሉ እለምናለሁ። ከ1950 የፍሎረንስ ስምምነት ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ለዓይነ ስውራን የሚሰጠው የቀረጥ ነጻ መብት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ለዓይነ ስውራን ተብለው በተለይ ለተሠሩ ዕቃዎች» ተብሎ ነው። በዚያ ዘመን ይህ ትክክል ነበር። ዛሬ ግን ከሁሉ የሚጠቅመውና ከሁሉ የሚረክሰው መሣሪያ ተራው ስልክ ሆኗል፤ ስልክ ደግሞ «በተለይ» የተሠራ ስላልሆነ በዚያ ቃል ውስጥ አይገባም። በዚህ አጻጻፍ የሺህ ዶላሩ ልዩ መሣሪያ ነጻ ያልፋል፤ ድኻው ሊገዛው የሚችለው ግን ሙሉ ቀረጥ ይከፍላል። የሕግ ረቂቅ የምታዘጋጁ ሰዎች ይህን ብታስቡበት በአንድ ሐረግ ብዙ ሰው ልትረዱ ትችላላችሁ።

በመንገድና በሕንፃ ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ ሥራ ተቋራጩ ሥራውን ሲያስረክብ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። የሚዳሰሰው ንጣፍ ወደ ስልክ እንጨት ወይም ወደ ዛፍ ግንድ የሚመራ ከሆነ፣ ከመኖሩ አለመኖሩ ይሻላል። የእግረኛው መንገድ በአሸዋ ክምርና በሱቅ ዕቃ ከተዘጋ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ ክዳን ከተነሣ፣ ሳተላይቱ ምንም አይረዳም። አንድ የጉድጓድ ክዳን በቦታው መመለስ ከየትኛውም ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይልቅ ርካሽ ነው፤ ለሚያየውም ለማያየውም ይጠቅማል።

በካርታ፣ በትምህርትና በቋንቋ ሥራ ያላችሁም ድርሻ አላችሁ። ስልኩ የመንገዱን ስም የሚናገረው ስሙ በካርታው ላይ ከተጻፈ ነው። የሚናገረውም በሰሚው ቋንቋ መሆን አለበት፤ እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር መሪ ለብዙው ሕዝባችን ዲዳ ነው። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነጻና ክፍት የንባብ ፕሮግራም አማርኛን ከሚያነብባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። ድምፁ የማሽን ድምፅ ቢሆንም መንገዱ ተጀምሯል፤ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ያሉ ወጣቶች ቢያሻሽሉትና ሌሎቹንም የአገራችንን ቋንቋዎች ቢጨምሩበት፣ ለፋብሪካ ሳይከፈል ብዙ ሺህ ስልክ መሪ ይሆናል።

ነገሬን በአጭሩ ልሰብስብ። ለዓይነ ስውር ጉዞ ርካሹ መሣሪያ አንድ ብቻ አይደለም፤ ጥሩ በትር፣ በትሩን የሚያስተምር ሰው፣ አማርኛ የሚናገር ተራ ስልክና ያልተዘጋ የእግር መንገድ አንድ ላይ ሲገኙ ነው። ከእነዚህ ከአራቱ ዓይነ ስውሩ ራሱ ሊገዛ የሚችለው ምናልባት አንዱን ወይም ሁለቱን ነው። የቀሩት በእኛ እጅ ናቸው። የመሣሪያው ዋጋ የሚለካው በሱቅ መስኮት ላይ በተለጠፈው ቁጥር ሳይሆን፣ ሰውየው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ በሰዓቱ ሥራው ላይ በመድረሱና፣ ሲመራው የነበረው ልጅም በዚያው ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ በመማሩ ነው።

ነገ ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ስትሄዱ የምትሄዱበትን የእግር መንገድ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ዓይናችሁ ሳታስቡት ያስቀረላችሁን ዕንቅፋት ሁሉ ቁጠሩ። ከእነዚያም መካከል በእናንተ ፊርማ ሊነሣ የሚችል ቢገኝ ሳትውሉ ሳታድሩ አስነሡት።